አይጧ ረሳች ወይስ ፈራች? ከገብስ ማሳ ዳር የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9

ዛሬ ወጥመዶቹን ዘረጋሁ። ቦታው መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ፣ ከጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ውጭ ያለ የገብስ ማሳ ዳር። ባለማሳው ጋሼ ፈቅደውልኛል። ፈቅደውልኛል ስል ሳቁብኝ ማለቴ ነው። «አይጥ ልታጠፊልን ነው የመጣሽው?» አሉኝ። አይ፣ ላስተምራት ነው ስላቸው ባለቤታቸውን እማማን ጠርተው አንድ ጊዜ እንድደግምላቸው አደረጉ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ አዳኝ ያስደነገጣት አይጥ ቦታ የማስታወስ ችሎታዋ ምን ይሆናል? ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ተሠርቶበታል። እኔ ግን ያንን ነገር በነጭ ክፍል ውስጥ ባለች ነጭ አይጥ ሳይሆን የራሷ ጉድጓድ ባላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጭልፊት ሲያንዣብብባት በኖረች አይጥ ላይ ማየት ፈለግሁ። እዚህ ያለችው የሣር አይጥ ናት። የሳይንስ ስሟ አርቪካንቲስ አቢሲኒከስ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አትገኝም፤ ገበሬው ደግሞ እዚህም ባትገኝ ደስ ይለዋል። ቀን ቀን የምትወጣ መሆኗ ለኔ ትልቅ ዕድል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሌሊት ቁጭ ብሎ አይጥ መጠበቅ አልችልም። ቀኑም በጋቢ ነው።

ወጥመዶቹ እንስሳዋን የማይጎዱ የቆርቆሮ ሣጥኖች ናቸው። ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤ ነው። የጋሼ የልጅ ልጅ ማሙሽ ግማሹን ጣሳ እንዳይጨርስብኝ ደብቄዋለሁ።

ጥቅምት 12

ዘጠኝ ተያዙ። ሁለቱ ያረገዙ ስለሆኑ ወዲያው ለቀቅኳቸው። የቀሩትን ሰባት ጀርባቸው ላይ ፀጉራቸውን በትንሽ መቀስ ቆርጬ ምልክት አደረግሁባቸው። አንዷ ግራ ትከሻ፣ አንዷ ቀኝ ዳሌ፣ እንዲህ እያልኩ። በመነጽር ሲታዩ ይለያሉ። ስም እንዳላወጣላቸው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ብቻ።

እዚህ ላይ ልብ የምትሉት ነገር አለ። ወጥመድ ውስጥ መግባት፣ በሰው እጅ መያዝ፣ መቀስ፣ ይሄ ሁሉ ለአይጥ ራሱ ድንጋጤ ነው። ዛሬ ይዤ ነገ የድመት ሙከራ ብጀምር የምለካው የኔን እጅ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አሥር ቀን አልነካቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሳህኖቹን ቀበርኩ። ስምንት የፕላስቲክ ሳህን፣ አፋቸው ከመሬቱ እኩል እስኪሆን፣ ዋናውን ጉድጓድ መሐል አድርጌ በ3 ሜትር ርቀት ዙሪያውን። ሁሉም ላይ አሸዋ አለ። ሁለቱ ብቻ አሸዋው ውስጥ ሃያ ሃያ የገብስ ፍሬ አላቸው። የቀሩት ስድስቱ ባዶ ናቸው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደሉም። በስምንቱም ሳህን ሥር፣ ከሽቦ ወንፊት በታች፣ አይጧ ልትደርስበት የማትችለው እፍኝ ገብስ አለ። ያለዚያ በአፍንጫዋ እየመራች ትሄድና እኔ «አስታወሰች» ብዬ እጽፋለሁ። ሽታው ሁሉም ጋ አንድ ከሆነ የሚቀራት የቦታ ትዝታ ብቻ ነው።

ስህተት የምለው፣ ገብስ ያለበትን ሳህን ከማግኘቷ በፊት የቆፈረችው ባዶ ሳህን ነው። ቀላል ነው። ወረቀት ላይ።

ጥቅምት 13

በጎች በሉት። ስምንቱንም። ወንፊቱን ሳይቀር ገልብጠው። የመንዝ በግ ሱፉ እንጂ ሥነ ምግባሩ አይወራለትም።

ጥቅምት 14

ጋሼና ማሙሽ አግዘውኝ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ ካብን። ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። አይጥ በድንጋዩ መሐል ታልፋለች፣ በግ አያልፍም። በሥራችን ኮርተን ጠላ ጠጣን። (ይህን ካብ ኋላ እረግመዋለሁ፤ ኅዳር 15ን ይመልከቱ።)

ጥቅምት 22

ተምረዋል! ፀሐይ ውርጩን ካቀለጠ በኋላ፣ ወደ 3 ሰዓት ግድም ይወጣሉ። መጀመሪያ ግራ ቀኝ እየቆፈሩ ስምንቱን ሳህን ያዳርሱ ነበር። አሁን አብዛኞቹ አንድ ባዶ ቢነኩ ነው፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ገብሱ። 2 ቁጥር ጎበዝ ናት። ከጉድጓድ ወጥታ፣ ሁለት እግሯ ላይ ቆማ፣ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ እንደ ቀስት ነው የምትሄደው። 6 ቁጥር ሰነፍ ነው፤ ሌሎቹ ቆፍረው የተዉትን አሸዋ ነው የሚለቅመው። በሒሳቤ ውስጥ እንዴት እንደማስገባው አላወቅሁም።

ሳህኖቹን በየቀኑ ቦታ አቀያይራቸዋለሁ፣ የገብሱ ቦታ ግን ያው ነው። ምክንያቱም አይጥ በሄደችበት ሁሉ የሽንት ምልክት ትተዋለች። ሳህኑን ሳይሆን ቦታውን እንድታስታውስ ነው የምፈልገው። ሳህኖቹን በአልኮል እጠርጋለሁ።

ጥቅምት 24

የድመት ቀን።

ድመቷ የእማማ ናት። ዶሮ በሚጓጓዝበት የሽቦ ቅርጫት ውስጥ አስገብቼ ከዋናው ጉድጓድ 2 ሜትር ላይ አስቀመጥኳት። ሃሳቡ፣ አይጦቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል ድመቷን እያዩና እያሸተቱ ይቆያሉ፣ ድመቷ ትወሰዳለች፣ ከዚያ ሳህኖቹን አቀርባለሁ።

ድመቷ ፀሐይ አገኘችና ተኛች።

እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ፣ ማንኮራፋት ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቪዲዮ ላይ ያለኝ የምትተኛ ድመት ነው። ከዚያ 2 ቁጥር ወጣች። ቆመች። ወደ ቅርጫቱ ቀረበች። ትንሽ ትንሽ እያለች፣ ሆዷ መሬት እየነካ፣ ጢሟ እየተንቀጠቀጠ፣ ከሽቦው አንድ ስንዝር እስኪቀራት። እማማ ከካቡ ማዶ ሆነው ያያሉ፤ «ሞት ያማራት አይጥ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አሉ፤ ተረት መስሎኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ይሁን ሽታዋ አላውቅም፣ ድመቷ ዓይኗን ገለጠች። መዳፏ ሽቦውን ሲመታው ቅርጫቱ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። 2 ቁጥር በየት በኩል እንደገባች ዓይኔ አልያዘውም።

ከነገ ጀምሮ ማሙሽ በክር የታሰረ የሥጋ ቁራጭ እያወዛወዘ ድመቷን ነቅታ እንድትቆይ ያደርጋል። ደሞዙ ኦቾሎኒ ቅቤ ነው።

ጥቅምት 25

የጎደለኝ ነገር ነበር። አይጥ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራታል። ቅርጫቱ ራሱ፣ የማሙሽ መንጎራደድ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሌላ ተመሳሳይ ቅርጫት የእማማን ዶሮ እናስቀምጣለን። አንድ ቀን ድመት፣ አንድ ቀን እረፍት፣ አንድ ቀን ዶሮ። ቅርጫቶቹ አይቀያየሩም፤ የድመት ሽታ ያለበት ቅርጫት ውስጥ ዶሮዋን ለማስገባት ሞክረን መንደሩን በጩኸት አነሳሳችው።

ጥቅምት 30

ውጤት አለ! በዶሮ ቀን ስህተቱ እንደ ወትሮው ነው፣ ዜሮ ወይ አንድ። በድመት ቀን ግን ሦስት ወይ አራት ነው፤ አይጥ 5 ቁጥር እንዲያውም አንድ ጊዜ ስድስቱንም ባዶ ቆፍራለች። መጻሕፍቱ ከሚሉት ጋር ይገጥማል።

መጻሕፍቱ የሚሉትን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ፤ እንስሳ ያለበትን ቦታ የሚመዘግበው እሱ ነው። ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚቀሰቀሱ የነርቭ ህዋሶችን እዚያ አገኘ፤ በ2014 ከሞዘር ባልና ሚስት ጋር ኖቤል ያሸለመው ሥራ መነሻው ያ ነው። አይጥ ስትደነግጥ ደግሞ ከኩላሊቷ በላይ ካለው ዕጢ ኮርቲኮስቴሮን የሚባል ሆርሞን ደሟ ውስጥ ይረጫል፤ ሰው ላይ ኮርቲሶል የምንለው ዓይነት ነው። ብሩስ ማኪዌንና ባልደረቦቹ በ1968 ይህ ሆርሞን ሄዶ በብዛት የሚጣበቀው ሂፖካምፐስ ላይ መሆኑን አሳዩ። ማለትም የድንጋጤው ሆርሞንና የቦታ ካርታው አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። በ1999 ደግሞ ዴቪድ ዳይመንድና ባልደረቦቹ አይጦችን ክንፍ ክንፍ ባለው የውኃ ገንዳ ውስጥ ከውኃ በታች የተደበቀ መቆሚያ እንዲያገኙ አስተማሩ፣ ከዚያ ድመት አጠገብ አስቀመጧቸው፣ ሲመልሷቸው ስህተታቸው በዛ።

እኔም ያንኑ አገኘሁ ማለት ነው። ለአማካሪዬ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ኔትወርክ የለም፣ ነገ ኮረብታው ላይ ወጥቼ እልካለሁ።

ኅዳር 1

አልላክሁም። ጥሩ ሆነ።

አልኮሌ አልቆ ነበር። እማማ አረቄ ሰጡኝ፣ «ከዚህ የበለጠ የሚያጸዳ የለም» ብለው። ሳህኖቹን በአረቄ ጠረግሁ። ዛሬ የዶሮ ቀን ነው፣ ስህተት አይጠበቅም። ሁሉም አይጦች ሁሉንም ሳህን ቆፈሩ። 6 ቁጥር እንኳ ሠራ! የአንዱን ሳህን ጠርዝ ሲልስ አይቼዋለሁ። አረቄው ከምን እንደሚጠነሰስ መቼስ መንዝ ውስጥ መጠየቅ የለብኝም፤ ስምንት ሳህን በብቅል ሽታ አጥኜ ቦታ እንዲያስታውሱ ጠበቅሁ። የዛሬውን መረጃ ሰረዝኩት። ጋሼ ለጎረቤት ሁሉ «አይጥ አረቄ የምታጠጣዋ ልጅ» እያሉ አስተዋውቀውኛል።

ኅዳር 3

ዛሬ ምንም አልሠራሁም፣ ቪዲዮዎቹን ብቻ ደግሜ አየሁ። በዝግታ፣ አንድ በአንድ። ሆዴ ቁርጥ አለ።

ዋናው ጉድጓድ የምለው አንድ መውጫ ብቻ አይደለም ያለው። ከዙሪያው ክብ ጠርዝ ላይ፣ ሳህን 3 አጠገብ፣ በሣር የተሸፈነ ሁለተኛ ቀዳዳ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላየሁትም! በድመት ቀን አይጦቹ የሚወጡት በዚያ ነው፣ ድመቷ ዋናው ጋ ስለነበረች። በዚያ ሲወጡ ደግሞ ቅርባቸው ያሉት ሳህን 2፣ 3 እና 4 ናቸው። ሦስቱም ባዶ። ገብሱ ማዶ ነው።

ታዲያ 2 ቁጥርን ተመልከቷት። ትወጣለች። ትቆማለች። ወደ ማዶ፣ ወደ ገብሱ አቅጣጫ ታያለች። በእርግጥ ታያለች፤ አፍንጫዋ ወደዚያ ዞሯል። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ሳህን 3 ቆፈር ቆፈር አድርጋ ትገባለች። እንደገና ትወጣለች፣ ሳህን 4፣ ትገባለች። በሦስተኛው ክፍቱን ቦታ በአንድ ትንፋሽ አቋርጣ ገብሱ ላይ ናት።

ይህች አይጥ ረስታለች? እኔ «ስህተት ሁለት» ብዬ ጽፌያለሁ። ለኔ የሚመስለኝ ግን ፈርታ ነው። ገብሱ የት እንዳለ አሳምራ ታውቃለች፤ እስከዚያ ድረስ መሄድ ነው ያልፈለገችው። ከበር አጠገብ ያለ ሳህን ምናልባት አንድ ፍሬ ቢኖረው መሞከር ምንም አያስከፍላትም። ሰውም ሰፈሩ ሲረበሽ ሩቅ ገበያ መሄዱን ትቶ ከጎረቤት ሱቅ ያገኘውን ይገዛል፤ ገበያው የት እንዳለ ጠፍቶት አይደለም።

ስለዚህ የኔ «የማስታወስ ስህተት» ሁለት ነገር ተደባልቆበት ኖሯል፣ መርሳትና መፍራት። መልእክቱን አጠፋሁት።

ኅዳር 5

ቀይ ቀበሮ አየሁ! ከጓሳ በኩል ነው የመጣው፣ ረጅም እግር፣ ቀይ ሰውነት፣ ጅራቱ ጫፍ ጥቁር። በዓለም ላይ አድገው የቀሩት ከ500 በታች እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ከኔ ሳህን መቶ ሜትር ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደ መሬት ደፍቶ ያዳምጥ ነበር። ማሳው ጭጭ አለ። ሰባቱም አይጥ፣ ሌሎቹም፣ ፍልፈሎቹም፣ እስከ 8 ሰዓት አንድም አልወጣም። ለድመት የሚሰጡት ግማሽ ሰዓት ነው።

ጓሳ ውስጥ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ እንደሚያድን ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት ላይ በመንጋው መሐል ሲሆን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ። ጭላዳው ሣር እየነጨ ሲያልፍ አይጦቹ ይረበሻሉ ወይም ቀበሮውን አይለዩትም ይሆናል። ከኔ ሥራ ጋር ቀጥታ ባይገናኝም ሳስበው ዋልኩ። አይጧ የምትፈራው ነገር ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ መልኩን ሲቀይርባት ነው የምትበላው።

ኅዳር 7

አዲስ አሠራር አሰብኩ። ገብሱን ወደ ቅርብ አመጣዋለሁ፣ ከቀዳዳው አንድ ሜትር ላይ። ከድመት በኋላ ቀጥታ ወደ ገብሱ ከሄደች አልረሳችም ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ኅዳር 8

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ሞኝነት ነው! የፈራች አይጥ መጀመሪያ የምትነካው ቅርቡን ሳህን ነው። ገብሱ ቅርብ ከሆነ ብታስታውሰውም ባታስታውሰውም ታገኘዋለች። ምንም አልለይም።

የሚያስፈልገው ጥንድ ነው። ከቀዳዳው እኩል ርቀት ላይ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ ሁለቱም እኩል ቅርብ፣ አንዱ ገብስ ያለው አንዱ ባዶ። ለሁለቱም ቀዳዳ እንዲህ። ፍርሃቱ ለሁለቱም እኩል ነው። ከረሳች እንደ ሳንቲም አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ትላለች። ካስታወሰች ገብሱን ትመርጣለች። እስኪነጋ አልተኛሁም። በባትሪ ብርሃን ሥዕሉን ስስል እማማ ለጸሎት ተነሥተው አዩኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ አይጡ ሳይሆን አንቺ ነሽ የደነገጥሽው» አሉኝ።

ኅዳር 14

አራት ቀን አስተማርኳቸው፣ ሁለት ቀን በድመት ፈተንኳቸው። አልረሱም። ከአንድ ወይም ሁለት ጊዜ በቀር ሁሉም የመረጡት ገብሱን ነው። ሲወጡ ይዘገያሉ፣ ቶሎ ይመለሳሉ፣ አሸዋው ውስጥ ፍሬ ትተው ይሄዳሉ፤ ከሃያው ግማሹን የተዉበት ጊዜ አለ። ፍርሃቱ የትም አልሄደም። ትዝታው ግን ደህና ነው።

ታዲያ የነዳይመንድ አይጦች ለምን ተሳሳቱ?

ኅዳር 15

4 ቁጥር ሞተች።

አላየሁትም ልል እችል ነበር፣ ግን አየሁት። ጭልፊቱ ካቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ያስካብኩት ካብ ላይ። ይህ ማሳ ገላጣ ነው፣ ዛፍ የለውም፣ ጭልፊት የሚያርፍበት ከፍታ አልነበረውም፤ በግ ልከላከል ብዬ ማማ ሠራሁለት። 4 ቁጥር ገብሱ ላይ ነበረች፣ ትክክለኛው ሳህን ላይ። ምንም አልተሳሳተችም። ሁለት ክንፍ ዘረጋ፣ ወረደ፣ ተነሳ፣ አለቀ። ማሙሽ አለቀሰ። እኔም መነጽሩን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

አዳኝ ለአይጥ ምን እንደሆነ አምስት ሳምንት ያህል ስጽፍ ቆይቼ ዛሬ ገና ነው ያየሁት።

ኅዳር 16

ካቡን እስከ ጉልበት ዝቅ አደረግነው። በግ ቢገባ ይግባ፣ ማሙሽ ይጠብቃል።

ድንጋዩን ስናወርድ አንዱ ተንከባሎ ሁለተኛውን ቀዳዳ ደፈነው። ሳላነሳው ድመቷ ከእማማ ቤት አምልጣ መጣች፣ ያለ ቅርጫት! 1 ቁጥር ውጭ ነበረች። ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ በረረች፣ ድንጋይ። እዚያ ላይ ቆማ ስትዋልል ላያት ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልዋለለችም። በጎን ታጥፋ በቀጥታ መስመር ስምንት እርምጃ የሚሆን ርቀት ሮጣ፣ እኔ እስከ ዛሬ መኖሩን በማላውቀው ሦስተኛ ቀዳዳ ገባች። አንድም ሴንቲሜትር አላባከነችም። ድመቷ ድንጋዩን እያሸተተች ቀረች።

ቪዲዮ አልበራም ነበር። በማስታወሻ ብቻ ነው ያለኝ፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ አይባልም። ግን ከሁሉ በላይ የደነገጠችበት ቅጽበት ላይ የቤቷ ካርታ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ነበር።

ኅዳር 18

የነዳይመንድን ሥራ ደግሜ አነበብኩት፣ አሁን በደንብ። እነሱ መቆሚያውን በየቀኑ ቦታ ይቀይሩት ነበር! አይጦቹ ያን ዕለት ጠዋት የተማሩትን ነው ከድመቷ በኋላ የተጠየቁት። የኔዎቹ ግን ለብዙ ቀን ያው ቦታ ነው የተማሩት። የኔ ጥያቄ «ቤትህ የት ነው?» እንደ ማለት ነው፣ የነሱ «ዛሬ ጠዋት ቁልፉን የት አስቀመጥከው?»። ደንግጦ ቤቱ የጠፋበት ሰው አላውቅም። ቁልፉ የጠፋበት ግን ሞልቷል።

ከነገ ጀምሮ ገብሱ በየቀኑ ቦታ ይቀይራል። ጠዋት አራት ጊዜ ወጥተው ያገኙታል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ድመት ወይም ዶሮ፣ ከዚያ ፈተና። እኩል ርቀት ላይ፣ አራት ሳህን ብቻ።

ኅዳር 27

ስምንት ቀን። አምስት አይጥ ቀርቶኛል። 7 ቁጥር ወደ ሌላ ማሳ ሄዳለች መሰለኝ፣ አላያትም።

በዶሮ ቀን አሪፍ ናቸው። በድመት ቀን ይሳሳታሉ። ርቀቱ እኩል ነውና አሁን ፍርሃት ነው ብዬ ማምለጥ አልችልም፤ ጠዋት የተማሩት ነገር በእርግጥ ይንሸራተታል። ደስ ያለኝ ግን የሚሳሳቱበት መንገድ ነው። እንደ ሳንቲም በዘፈቀደ አይደለም። በአብዛኛው የሚሄዱት ገብሱ ትናንት ወደነበረበት ሳህን ነው። 2 ቁጥር፣ ያቺ ጎበዝ፣ በድመት ቀን ያለ አንዳች ማመንታት የትናንቱን ቦታ ቆፈረች፣ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ደግማ ቆፈረችው፣ ጠርዙን ዞረች፣ እንደገና ቆፈረች።

ይህም ከሚታወቅ ነገር ጋር ይገጥማል። በውጥረት ጊዜ እንስሳ አዲሱን ካርታ ትቶ የለመደውን መያዝ ይቀናዋል። ሁሉም ውጥረት ደግሞ መጥፎ አይደለም። ጂል ማቲዮ እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን አሜሪካ መሬት ቆፍረው በሚኖሩ ሽኮኮ መሰል እንስሳት ላይ ባወጣችው ሥራ፣ ኮርቲሶላቸው በጣም ዝቅ ያለውም በጣም ከፍ ያለውም በመማር ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ የተሻሉት መካከለኞቹ ናቸው። የኔ የድመት ቀን የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለ ለማወቅ ዓይነ ምድራቸውን ሰብስቤ ሆርሞኑን ማስለካት ነበረብኝ። ሰብስቤም ነበር። ግን ናሙናው በረዶ ውስጥ መቆየት አለበት፣ መብራት ደግሞ ለአራት ቀን ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ማንም ቤተ ሙከራ አይቀበለኝም። እማማም ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ምን እንዳስቀመጥኩ ያወቁት ያኔ ነው። ስለሱ ሌላ አልጽፍም።

ለአማካሪዬ ዛሬ ላክሁ። አጭር ነው። አምስት አይጥ በጣም ጥቂት እንደሆነ፣ የወጥመዱን ድንጋጤ ሙሉ በሙሉ ማስወገድ እንዳልቻልኩ፣ በአንድ ጊዜ ስለሚወጡ አንዷ ሌላዋን ልትከተል እንደምትችል፣ 6 ቁጥር ደግሞ ከነጭራሹ እንደሚኮርጅ። ከዚያ ያየሁትን፤ አዲስ የተማሩት ይንሸራተታል፣ የቆየው ይቆያል፣ የቤት መንገድ አይነካም። «መርሳት» ብዬ የጻፍኩበትን የጥቅምት ሠንጠረዥ አብሬ ላክሁት፣ በቀይ ተሰርዞ። መልስ መጣ፣ አንድ መስመር፤ «ሠንጠረዡን አትጣይው፣ ምዕራፍ ሁለት እሱ ነው»።

ታኅሣሥ 4

አጨዳ ተጀመረ። ጋሼ ትናንት ነግረውኛል፣ እኔ ነኝ ያልተዘጋጀሁት። ወንዶቹ በማጭድ ከላይኛው ጫፍ ጀምረው እየወረዱ ነው፣ እየዘፈኑ። ማሳው ወደኔ እየጠበበ መጣ። አይጦቹ ከፊታቸው እየሸሹ በቁጥቋጦው ሲሮጡ ጭልፊቶቹ ሦስት ሆነው ከላይ ይዞራሉ። ሥራው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሽፋኑ ከሄደ ሌላ ማሳ ነው።

ሳህኖቹን ነቀልኩ። የወንፊቱን ገብስ ለእማማ ዶሮ ሰጠሁ፣ የሠራችበት ነው። ድመቷ ደሞዝ አላገኘችም።

ታኅሣሥ 5

ዕቃዬን ጭኜ ከመሄዴ በፊት ጠዋት አንድ ጊዜ ሄድኩ። ገብሱ ታጭዶ ነዶው ተቆልሏል፣ መሬቱ ራቁቱን ነው፣ ውርጭ ነጭ አድርጎታል። 3 ሰዓት ላይ ግራ ትከሻዋ ላይ ፀጉሯ ማደግ የጀመረች አይጥ ወጣች። ሁለት እግሯ ላይ ቆመች። ሰማዩን አየች። ከዚያ በባዶው መሬት ላይ ሦስት ሜትር ሮጣ፣ ሳህን የነበረበት ቦታ ላይ ቆም ብላ፣ የተነቀለውን ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች።

ካቡ ላይ ጭልፊት እንደሌለ አረጋግጬ ከኪሴ እፍኝ ገብስ ጣል አደረግሁ።